25 ሰው፣ ደብዛዛ አዳራሽ፣ አንድ ፍላሽ

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት ወዲህ የሰርግና የመልስ ፎቶ አነሳለሁ። ያለኝ ካነን 700ዲ ካሜራ፣ ከካሜራው ጋር የመጣው 18–55 ሌንስ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ እና ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል አንድ ፍላሽ ነው። በቅርቡ በአንድ የምሽት መልስ ላይ 12 ሰዎችን በሦስት ረድፍ አድርጌ ከ6 ሜትር ርቀት በባለ 50ው ሌንስ፣ አፐርቸሩን (በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ባነሳቸው የኋላው ረድፍ ደበዘዘብኝ። ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክቼ ቀረብ ብዬ ስደግመው ደግሞ የፊተኞቹ ነጠላ ነጭ ወረቀት መሰለ፣ የኋለኞቹ ፊት ጠቆረ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። በሚቀጥለው ወር በዚያው አዳራሽ 25 ሰው የሚሆን ቤተሰብ አነሳለሁ። የስቱዲዮ መብራት ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ምን ልግዛ? እንዴትስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ የገለጿቸው ጉድለቶች የተለያየ ምክንያት ስላላቸው ለያይቼ እመልሳቸዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። እጅዎ ላይ ያለው ፍላሽ ለ25 ሰው የሚበቃ ኃይል አለው። የብዙ ሰው ፎቶ የሚበላሸው በአብዛኛው ብርሃኑ ለፊተኛው ረድፍ በጣም ቀርቦ፣ ዝቅም ብሎ ስለሚቆም ነው። ስለዚህ ያለዎትን ገንዘብ ሌላ ሌንስ ወይም ሌላ ካሜራ ላይ ከሚያወጡት፣ ያንኑ ፍላሽ ከካሜራው አውርደው፣ ወደ ኋላ አርቀውና ከፍ አድርገው ለማቆም በሚያስችልዎ ቀላል ዕቃ ላይ ቢያውሉት ለውጡን በመጀመሪያው ምሽት ያዩታል። ከዚህ በታች ስሌት የማስቀምጠው፣ ሌላ አዳራሽ ሲገቡ ርቀቱን ለክተው ራስዎ እንደገና እንዲሠሩት በማሰብ ነው።

የኋላው ረድፍ የደበዘዘው በአፐርቸሩ ምክንያት ነው፤ ቀዳዳው በሰፋ፣ ማለትም የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥርት የሚለው ቦታ ይጠብባል። በእርስዎ ካሜራ የሴንሰር መጠን፣ በ50 ሚሊሜትርና በኤፍ 1.8፣ 6 ሜትር ላይ ፎከስ ሲደረግ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከ5 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር ተኩል ያለው ቦታ ብቻ ነው። ፎከሱን ፊት በተቀመጡት ላይ ካደረጉት ከእነርሱ በስተኋላ የሚቀርዎ ግማሽ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰውና ከኋላው በቆመ ሰው ፊት መካከል ግን ብዙ ጊዜ 70 ሴንቲሜትር ገደማ አለ፤ ሦስተኛው ረድፍማ ከመጀመሪያው አንድ ሜትር ከ40 ይርቃል። ፎቶውን አጉልተው ቢመለከቱት ሁለተኛው ረድፍም በሚገባ ጥርት ያላለ ሆኖ የሚያገኙት ይመስለኛል። ኤፍ 1.8 ሙሽራዋን ብቻዋን ለማንሳት ያማረ ነው፤ ለሦስት ረድፍ ሰው ግን አይሆንም። በምትኩ 18–55ቱን ሌንስ 24 ሚሊሜትር ላይ ያድርጉት፣ አፐርቸሩን ኤፍ 5.6 ላይ ያቁሙት፣ ከፊተኛው ረድፍ 6 ሜትር ርቀውም ይቁሙ፤ ከ3 ሜትር አንሥቶ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። በዚህ ርቀት ካሜራው ወደ ጎን 5 ሜትር ተኩል ያህል ይይዛል፤ 25 ሰው በሦስት ረድፍ ሲደረደር 4 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚወስድ ከግራና ከቀኝ የሚተርፍ ቦታ ይኖርዎታል። 18 ሚሊሜትር ላይ ከፍቶ መቅረብም ይቻላል፤ ነገር ግን ጫፍ ላይ የቆሙትን ሰዎች ፊትና ትከሻ ወደ ጎን ስለሚለጥጥ፣ ቦታ እስካለ ድረስ ወደ ኋላ መሸሽ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ብርሃኑ ርቀት እንምጣ። ከፍላሽ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀርበው ባነሱበት ጊዜ ፍላሹ ከፊተኛው ረድፍ ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ነበር እንበል፤ የኋለኛው ረድፍ አራት ሜትር ላይ ነበረ ማለት ነው። 2.5ን ለ4 አካፍለው ውጤቱን በራሱ ሲያባዙት 0.39 ይመጣል፤ የኋለኞቹ የደረሳቸው ብርሃን ፊተኞቹ ካገኙት 39 በመቶ ብቻ ነበር። በዚህ ላይ የእኛን አቀማመጥ ያስቡበት፦ ፊት የሚቀመጡት ነጭ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ እናቶችና አያቶች ናቸው፣ ከኋላ የሚቆሙት ደግሞ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ወጣቶች ናቸው። ብርሃን አንጸባራቂው ልብስ ብርሃኑ በሚበዛበት፣ ብርሃን የሚውጠው ልብስ ብርሃኑ በሚያንስበት ቦታ ተቀመጠ፤ ነጠላው የተቃጠለው (ዝርዝሩ ጠፍቶ ድፍን ነጭ የሆነው) እና ከኋላ ያሉት ሰዎች የጨለሙት በዚህ ምክንያት ነው። ፍላሹን 6 ሜትር ሲያርቁት የኋለኛው ረድፍ 7 ሜትር ተኩል ላይ ይሆናል፤ 6ን ለ7.5 አካፍለው በራሱ ቢያባዙት 0.64 ያገኛሉ። ከአንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ከሚሆንበት ልክ) በላይ የነበረው ልዩነት ወደ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ወረደ፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም አላወጡም።

የቀረውን ልዩነት የሚያጠፋው ከፍታው ነው። ፍላሹን ከወለሉ ከ2 ሜትር ከ70 እስከ 3 ሜትር ከፍ አድርገው የጭንቅላቱን አቅጣጫ የኋለኛው ረድፍ ሰዎች ፊት ላይ ካነጣጠሩት፣ የብርሃኑ ጠንካራ መሐል ለኋለኞቹ፣ ላላ ያለው ጠርዙ ለፊተኞቹ ይደርሳቸዋል። የፊተኞቹ ጥላም ከኋላቸው ባሉት ሰዎች ፊት ላይ ሳይሆን ወደ ደረታቸውና ወደ ወለሉ ይወድቃል። አንድ ፍላሽ ብቻ ያለው ሰው ከካሜራው ወደ ጎን ከአንድ ሜትር በላይ ባያርቀው ጥሩ ነው፤ ለአንድ ሰው ፎቶ የሚያምረው የጎን ብርሃን፣ በተደረደሩ ሰዎች ላይ ሲያርፍ የአንዱን ጥላ በጎረቤቱ ጉንጭ ላይ ይጥላል፣ ለፍላሹ ቅርብ የሆነውንም ጫፍ ከሌላው አብልጦ ያበራል። ሁለተኛ ፍላሽ ያገኙ ዕለት አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ በእኩል ርቀትና በእኩል ኃይል አቁመው የግራውን ወደ ቀኝ ጫፍ፣ የቀኙን ወደ ግራ ጫፍ ያዙሩት።

6 ሜትር ርቆ ፍላሹ ይደርሳል ወይ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። የፍላሽ ኃይል የሚለካው ጋይድ ነምበር በሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ርቀቱ በሜትር ተወስዶ በአፐርቸሩ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው 58 ወይም 60 የሚለው ቁጥር ፍላሹ ወደ ሩቅ ዙም ተደርጎ የተለካ ስለሆነ አያታልልዎ፤ የፍላሹ ዙም 35 ላይ ሲሆን፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 100፣ 36 ያህል ነው ብሎ ማስላት ይበቃል። አይኤስኦውን አራት እጥፍ ባሳደጉ ቁጥር ጋይድ ነምበሩ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በ400 ላይ 72፣ በ1600 ላይ 144 ይደርሳል። እርስዎ የሚፈልጉት ለመካከለኛው ረድፍ 7 ሜትር ሲባዛ በ5.6፣ ማለትም 39 ነው። ስለዚህ በአይኤስኦ 1600 ፍላሹን ያለ ምንም ማለስለሻ ቢጠቀሙበት ከኃይሉ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ይበቃዎታል። ብዙዎች አይኤስኦ 1600 ሲባል ፎቶው ይቆራጥጣል (አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ይታያል) ብለው ይፈራሉ። ካየሁት ብናገር፣ በእርስዎ ዓይነት ካሜራ ፎቶ በብዛት የሚቆራጥጠው ጨለማ ሆኖ የተነሣውን ኋላ በኮምፒውተር ለማብራት ሲሞከር ነው፤ ብርሃኑ በትክክል የተመጠነ የ1600 ፎቶ ግን 30 በ40 ሴንቲሜትር ታትሞ ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል እንከኑ አይታይም።

የተረፈው ኃይል ብርሃኑን ለማለስለስ ይውላል። የተለመደው መንገድ ነጭ ጃንጥላ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ ከፍላሹ ብርሃን እስከ ሁለት ስቶፕ ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ የፍላሹ ኃይል ሩብ ላይ ይሆናል፤ ይህም ባትሪውን የማይጎዳ ልክ ነው። ነገር ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፦ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጃንጥላ 6 ሜትር ሲርቅ ለሰዎቹ ትንሽ የብርሃን ምንጭ ሆኖ ስለሚታይ፣ ብርሃኑን ከማለስለስ ይልቅ አሰፋፍቶ በመበተን ነው የሚያገለግለው። ብርሃን የሚለሰልሰው ምንጩ ከርቀቱ አንጻር ሰፊ ሲሆን ነው። ለዚህ እኔ የማምንበት ርካሽ ዕቃ አቡጀዲ ነው። ነጣ ያለ አቡጀዲ ገዝተው ወደ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር አድርገው ያሰፉት፤ ከኋላዎ ባሉ ሁለት ዓምዶች ወይም ስታንዶች መካከል፣ የታችኛው ጠርዝ ከጭንቅላትዎ በላይ እንዲሆን አድርገው ወጥረው ይስቀሉት። ፍላሹን ከጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቀው፣ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥተው፣ ወደ ጨርቁ ያብሩት። አሁን ቤተሰቡን የሚያበራው ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ገጽ ሆነ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ሦስት ስቶፕ ያህል ይጠፋል፤ ከ144 ወደ 51 ይወርዳል፣ እርስዎ የሚፈልጉት 39 ስለሆነ ከግማሽ ኃይል ትንሽ በሚበልጥ ይደርሳል። ከኋላዎ ነጭ ግድግዳ ካለ ጨርቁም አያስፈልግም።

ወደ ጣሪያ ማብራትን ብዙ ሰው ይመክራል፤ ጣሪያው ነጭና ሦስት ሜትር ገደማ ከሆነ ይሠራል። በመልስ አዳራሽ ግን ጣሪያው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው፣ ወይም በዲኮር ጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ ሐምራዊ ጨርቅ ላይ የተነጠረ ፍላሽ የሰዎቹን ፊት ሐምራዊ አድርጎ ይመልሰዋል። ከላይ ብቻ የሚወርድ ብርሃን ደግሞ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ያደረጉ እናቶችን ዓይን ጥላ ውስጥ ይከተዋል።

ስለ አዳራሹ የራሱ ብርሃን ደግሞ እንነጋገር። ሸተር (ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መጋረጃ) የፍላሹን ብርሃን አይቀንሰውም፣ አይጨምረውም፤ ፍላሹ በርቶ የሚጠፋው ሸተሩ ከሚከፈትበት ጊዜ እጅግ ባጠረ ቅጽበት ስለሆነ፣ ካሜራዎ ከሚፈቅደው 1/200 ሰከንድ እስካላለፉ ድረስ ሸተሩ የሚቆጣጠረው የአዳራሹን መብራት ብቻ ነው። 1/200 ላይ ካነሡ ከሰዎቹ በስተኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ይሆናል፣ ዲኮሩም አይታይም፤ ሙሽሮቹ ደግሞ ለዲኮሩ ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል። ስለዚህ ሸተሩን ወደ 1/50 ያውርዱት። ፍላሹን ሳያበሩ በካሜራው መለኪያ ሲያዩት መርፌው ከመካከሉ ሁለት ስቶፕ ያህል ዝቅ ብሎ ከቆመ ልኩ ያ ነው፤ ዳራው ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ የሰዎቹን ትንሽ እንቅስቃሴም ፍላሹ ያቆመዋል። ከ1/60 ይልቅ 1/50 ወይም 1/100 የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሸተሩ ከዚህ ጋር ካልተስማማ የዳራው ድምቀትና ቀለም ከፎቶ ፎቶ ይለያያል።

አረንጓዴው ግድግዳም የመጣው ከዚሁ ፍሎረሰንት ነው። ካሜራው ቀለሙን ለፍላሹ አስተካክሎ ሳለ፣ ፍላሹ ያልደረሰበት ቦታ በፍሎረሰንቱ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ በርቶ ቀረ። ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ የአዳራሹን ኃላፊ በትሕትና ጠይቆ ከሰዎቹ በላይ ያሉትን ፍሎረሰንቶችና የዲጄውን ባለ ቀለም መብራቶች ለአሥር ደቂቃ ማስጠፋት፣ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ያላቸውን የዲኮር አምፖሎች ግን መተው ነው። ቢጫ ዳራ ለዓይን ደስ ይላል፤ አረንጓዴ ዳራ ግን ሰውን የታመመ ያስመስለዋል። የቪዲዮ ባለሙያውም መብራቱን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያጠፋ ቀደም ብለው ይስማሙ፤ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) በራስ ሰር ሳይሆን ፍላሽ የሚለው ላይ ያድርጉት፣ ፎቶውንም በሮው (ካሜራው ባላረመው ጥሬ ፋይል) ያንሱ። አቡጀዲ ከተጠቀሙ ብርሃኑ በጥቂቱ ሞቅ ማለቱን ኋላ በአንድ ፎቶ አስተካክለው ለሁሉም ማዛመት ይችላሉ።

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ መያዝ የእኛ ባለሙያዎች የዘወትር ፈተና ነው። የካሜራ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ በመሆኑ፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልማል፤ የሚጎዳውም ፊት ነው። ስለዚህ ፍላሹንም ካሜራውንም ማኑዋል (በእጅ የሚስተካከለው) ላይ አድርገው ሂስቶግራምን (የፎቶውን ብርሃን ከጥቁር እስከ ነጭ የሚያሳየውን ግራፍ) ይከተሉ። ልኩ፣ የነጠላው ነጭ ወደ ቀኙ ጠርዝ ተጠግቶ ሳይነካው ሲቀር ነው። ካሜራው የተቃጠለ ቦታን ብልጭ ድርግም እያደረገ እንዲያሳይ ያዙት፤ የቀሚሱ ጥለት አጠገብ ያለው ሽመና እስካልጠፋ ድረስ፣ ጌጥ ላይ የምትታይ ጥቂት ብልጭታ ምንም አይደለችም። ሙሽሮቹ የሚለብሱት የከፈይ ካባ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከፈዩ ብርሃን ይውጣል፣ የወርቅ ክሩ ጥልፍ ደግሞ እንደ መስታወት ይመልሳል። በባዶ ፍላሽ ጥልፉ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ሰፊ በሆነው የአቡጀዲ ብርሃን ግን ክሩ በክር ይለያል። ለጠይምና ለጥቁር ፊትም እንዲሁ ነው፦ ትንሽ የብርሃን ምንጭ ግንባርና አፍንጫ ላይ የላብ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ሰፊ ምንጭ ግን የፊቱን ቅርጽ የሚያሳይ ለስላሳ ወዝ ይሰጠዋል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የቆዳ ቀለም ስለሚለያይም፣ ጠቆር ያሉትን ሰዎች ብርሃኑ ወደሚጠነክርበት መሐል ማቅረብ ከማንኛውም የኮምፒውተር እርማት ይሻላል።

የካሜራውን ስክሪን በጨለማ አዳራሽ ውስጥ አይመኑት። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ትልቅ ቤተሰብ በምሽት አንሥቼ ነበር፤ ዓይኔ ጨለማውን ስለለመደ ስክሪኑ ላይ ፎቶው ደምቆ ታየኝና ሂስቶግራሙን ሳላይ ሰዎቹን አሰናበትኩ። በማግስቱ በኮምፒውተር ስከፍተው ሁለት ስቶፕ ጨልሞ አገኘሁት። ባበራውም የሰዎቹ ፊት አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። አያትየው በዚያው ዓመት አረፉ፤ ቤተሰቡ ከእርሳቸው ጋር አንድ ላይ የተነሡት የመጨረሻ ፎቶ ያ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የስክሪኑን ድምቀት ዝቅ ሳላደርግ ሥራ አልጀምርም።

ሰዎቹን ሲያስቀምጡ የረድፎቹን ጥልቀት ማሳጠር ግማሹን ሥራ ይሠራል። አያቶችና ወላጆች ከሙሽሮቹ ግራና ቀኝ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ከወንበሮቹ ፊት ተጠግተው ይቀመጡ። ከኋላ የሚቆሙት ሆዳቸው የወንበሩን መደገፊያ እስኪነካ ድረስ ይጠጉ፤ ሦስተኛው ረድፍ መድረክ ወይም ጠንካራ አግዳሚ ላይ ከወጣ ደግሞ ማንም ማንንም አይጋርድም። ረድፉን በጥቂቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፈው ጫፎቹን ወደ እርስዎ ቢያመጧቸው፣ ጫፍ ያሉት ሰዎች ከፍላሹ የሚኖራቸው ርቀት ከመሐለኞቹ ጋር ይቀራረባል። ሰዎቹን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያርቋቸው፤ ጥላቸው ዝቅ ስለሚል ግድግዳው ላይ ጎልቶ አይታይም። መነጽር ያደረጉ ሰዎች ካሉ የመነጽሩን ክንዶች ከጆሯቸው ላይ በትንሹ ከፍ እንዲያደርጉ ይጠይቋቸው፤ መስታወቱ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የፍላሹ ነጸብራቅ ከካሜራው ዓይን ይሸሻል። እማማ ወይም አባባ እያሉ አጠገባቸው ሄደው ዝቅ ብለው ቢጠይቁ ነው የሚሻለው፤ ከ6 ሜትር ላይ ሆኖ ወደ ሽማግሌ መጮህ ነውርም ነው፣ ፊታቸውንም ያስጨንቀዋል።

ፎከሱን ሁለተኛው ረድፍ መሐል ባለ ሰው ዓይን ላይ ያድርጉት። ጨለማው ካሜራውን ካስቸገረው ረዳትዎ የስልክ ባትሪ ለአፍታ ፊቱ ላይ ያብራለት፤ ፎከሱ ሲያዝ ሌንሱን ወደ ማኑዋል ቀይረው ከዚያ በኋላ አይንኩት። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከሆነ እርስዎ ሰዎቹን እያዩ ማነጋገር ይችላሉ።

ዓይን የጨፈነ ሰው ጉዳይ ስሌት አለው። ፒርስ ባርንስና ኒክ ስቬንሰን የተባሉ አውስትራሊያውያን ይህንኑ አስልተው በ2006 መጀመሪያ አስቆ ኋላ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ከ20 በታች ለሆነ ቡድን፣ ብርሃን ጥሩ ሲሆን የሰዎቹን ቁጥር ለሦስት፣ መጥፎ ሲሆን ለሁለት ማካፈል ነው፣ የሚመጣው ቁጥር ማንሳት ያለብዎት የፎቶ ብዛት ነው። ለ18 ሰው በደብዛዛ ቦታ 9 ፎቶ ማለት ነው። ለ25 ሰው እኔ ከ15 አላሳንስም። ፍላሹ ማኑዋል መሆኑ እዚህም ይጠቅማል፤ አውቶማቲክ ፍላሽ ብርሃኑን ለመለካት ከዋናው በፊት የሚለቀው ትንሽ ብልጭታ ቶሎ የሚጨፍኑ ሰዎችን ዓይን ዋናው ሲበራ ዝግ ሆኖ እንዲገኝ ያደርጋል።

ምን ልግዛ ላሉት፦ መጀመሪያ ወደ ሦስት ሜትር የሚደርስ ስታንድና የፍላሽ መያዣ፣ ቀጥሎ አቡጀዲ ወይም ጃንጥላ፣ ከዚያ የሬዲዮ ትሪገር (ከካሜራው የራቀውን ፍላሽ ያለ ገመድ የሚያስነሣ)፣ እንዲሁም ስምንት ዳግም የሚሞሉ ድንጋዮች፣ አራቱ ፍላሹ ውስጥ፣ አራቱ ኪስዎ ውስጥ የሚሆኑ። ትሪገሩን ለጊዜው ቢያዘገዩትም ይቻላል፤ ፍላሽዎ ኤስ 1 የሚል ምርጫ ካለው፣ የ700ዲውን የራሱን ትንሽ ፍላሽ በማኑዋል ዝቅተኛ ኃይል ላይ አድርገው ሲያበሩት ትልቁ ፍላሽ አይቶት ይከተለዋል። ፍላሹ ከኋላዎ ከሆነ ብልጭታው ላይደርሰው ስለሚችል ኃይሉን በጥቂቱ እየጨመሩ ይሞክሩት። የዚህ ዘዴ ድካሙ የሌላ ሰው ፍላሽም የእርስዎን ሊያስነሣው መቻሉ ነው። ካሜራ ለመቀየር ካሰቡ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ 250ዲን ጨምሮ አንዳንድ የካነን ካሜራዎች የፍላሽ መሰኪያቸው መሐል ያለው የብረት ነጥብ ስለተወገደ፣ ብዙ ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች አይሠሩባቸውም። በአንጻሩ ርካሽ የኤልኢዲ ፓኔል አይግዙ። ለቪዲዮ ይጠቅማል እንጂ 25 ሰው ከ6 ሜትር በኤፍ 5.6 ለማብራት አቅም የለውም፤ መብራት ሲጠፋም በድንጋይ የሚሠራው ፍላሽዎ ሥራውን ይቀጥላል።

ስታንዱን ያለ ክብደት ፈጽሞ አያቁሙት። በመልስ አዳራሽ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሦስት ሜትር ላይ ያለ ፍላሽ ሲወድቅ ደግሞ ሰው ይጎዳል፤ ጃንጥላና የተወጠረ ጨርቅም የደጅ ነፋስ ሲገባ እንደ ሸራ ይጎትቱታል። አምስት ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን በስታንዱ እግር ላይ ማሰር ምንም አያስወጣም።

ቤተሰቡ ፈቃደኛ ከሆነ ሌላ መንገድም አለ። ሙሽሮቹ የሚገቡት ቀደም ብሎ ከሆነ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከአዳራሹ ደጅ ጥላ ያለበት ቦታ ማንሳት ከዚህ ሁሉ ዝግጅት ይበልጣል፤ ይህን ከቤተሰቡ ሽማግሌ ጋር ቀድመው ይነጋገሩበት። ምሽት ላይ ፍላሹ ቢበላሽብዎ ደግሞ ትራይፖድ ላይ በኤፍ 5.6፣ በአይኤስኦ 1600፣ በ1/10 ሰከንድ ገደማ ማንሳት ይቻላል፤ አዋቂዎች ትንፋሻቸውን ሲይዙ ይቆማሉ፣ ልጆች ግን ስለማይቆሙ ደጋግመው ያንሱና የተሻለውን ይምረጡ።

ከቀኑ በፊት ቤትዎ ወይም ግቢ ውስጥ ምሽት ላይ ይለማመዱት። ሦስት ወንበሮችን በየ70 ሴንቲሜትሩ ወደ ኋላ ደርድረው ፊተኛው ላይ ነጭ ነጠላ፣ ኋለኛው ላይ ጥቁር ኮት ያልብሱ፤ ነጠላው ሳይቃጠል የኮቱ ስፌት እስኪታይ ድረስ የፍላሹን ከፍታና አቅጣጫ ይቀያይሩ። የደረሱበትን ቁጥር፣ ርቀቱን፣ ኃይሉን፣ አይኤስኦውን ወረቀት ላይ ጽፈው ፍላሹ ጀርባ ላይ ይለጥፉት። በዕለቱም 15ኛውን ፎቶ አንሥተው እንደጨረሱ ሰዎቹን ለአንድ ደቂቃ ብቻ ባሉበት ያቆዩአቸውና የመጨረሻውን ፎቶ አጉልተው አራቱን ማዕዘኖችና የኋለኛውን ረድፍ ፊት በፊት ይመልከቱ፤ ወደ እራቱ ከተበተኑ በኋላ 25 ሰው መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።